ከሰንዳፋ እስከ ባቲ

አባዬ ቁስሉን ሳጥብለት የመንገድ ስም ይቆጥር ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ በግራ ጎኑ ይተኛል፤ እኔ ከኋላው እንበረከካለሁ። ጓንቴን ሳጠልቅ «ሰንዳፋ» ይላል። ውስጥ ያደረውን ጎዝ ቀስ ብዬ ስስብ «ሸኖ፣ ጫጫ»። የጨው ውሃው ቁስሉ ውስጥ ሲፈስ ጥርሱን ነክሶ «ደብረ ብርሃን»። ከዚያ ጣርማ በር፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ ሰንበቴ፣ አጣዬ፣ ካራ ቆሬ፣ ከሚሴ፣ ሐርቡ፣ ኮምቦልቻ። አዲሱን ጎዝ አሽጌ ፕላስተሩን ስለጥፍ ባቲ ላይ እንደርሳለን። እጄ የተፋጠነ ቀን ከሚሴ ላይ እንጨርስና «ዛሬ ነዳጅ ተረፈን» ይለኛል።

በዚያ ቁጥር ውስጥ ሌላ ንግግር አልነበረም። የት እንደምነካው፣ ምን እንደማይ፣ ሁለታችንም አንድም ቀን በስሙ አልጠራነውም። ስለዚያ ዝምታ ለመጻፍ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። አሁን የምጽፈው አባዬ ራሱ በመጨረሻ ስለሰበረው ነው።

የኤንትሬ ሹፌር ነበር። በመጀመሪያ አሰብ፣ በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ያን መንገድ ሲዘጋው ደግሞ ጅቡቲ እየተመላለሰ ከሠላሳ ዓመት በላይ መሪ ጨብጧል። የዚያ ዘመን ሹፌሮች ስለ ወገብ ሕመምና ስለ ኪንታሮት እንደ ሙያ ማዕረግ ያወራሉ። ሞተሩ ከሥር ይግላል፣ በረሃው ከውጭ ይግላል፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ መዋል ነው፣ ምግቡ ደረቅ ነው። ስለዚህ በ2006 ዓ.ም. መጸዳጃ ቤት ውስጥ ደም ሲያይ የበሽታውን ስም ከማንም አልጠየቀም። ያውቀዋል።

አማርኛችን እጅ ላይ የሚወጣውንም ጉብታ፣ ፊንጢጣ ላይ የሚያብጠውንም የደም ሥር ኪንታሮት ይለዋል። በሰዉ አፍ ደግሞ ስንጥቁም፣ መግሉም፣ ደሙም፣ እብጠቱም ኪንታሮት ነው። ቃሉ ለታማሚው ምቹ ነው። «ኪንታሮት ይዞኛል» ያለ ሰው ከዚያ በላይ ማብራራት አይጠበቅበትም፤ ሰሚውም አይጠይቅም። ቤታችን ውስጥ «ፊንጢጣ» የሚለው ቃል ተነግሮ አያውቅም ነበር። አባዬ «መቀመጫዬን ያመኛል» ይል ነበር፤ እማዬም ሙቅ ውሃ ታቀርብለት ነበር።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። ባህላዊ መድኃኒት ሁለት ጊዜ አስደርጓል። አራት ጊዜ ክሊኒክ ሄዷል፤ አራቱንም ጊዜ ቅባትና በፊንጢጣ የሚገባ መድኃኒት ይዞ ተመልሷል። ከአራቱ ሐኪሞች አንዱም በጣቱ ሊመረምረው ጓንት አላጠለቀም። ሐቁን ለመናገር ቢጠይቁትም እሺ አይልም ነበር። እነሱም አላስገደዱትም፣ እሱም አላስቸገራቸውም፤ ሁሉም ተከባብሮ ተለያየ። እማዬ ግን ሌላ ነገር ታውቅ ነበር። ሰገራው እንደ እርሳስ ቀጥኗል። መጸዳጃ ቤት ገብቶ እንደወጣ ተመልሶ ይገባል፤ «የጨረስኩ አይመስለኝም» ይላታል። የአንድ ፎቅ ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል። ይህን ሁሉ የሰማሁት በሽታው ከታወቀ በኋላ ነው። ዕጢው ከፊንጢጣው ጫፍ 4 ሴንቲ ሜትር ላይ ነበር። የአንድ ሐኪም አመልካች ጣት ከዚያ እጥፍ ያህል ይደርሳል። ይህን ልዩነት ለብዙ ጊዜ በራሴ ጣት ላይ በማስመሪያ እየለካሁ አይቼዋለሁ።

ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ትኩሳት ያዘው። ስኳር ስላለበት እማዬ መጀመሪያ ስኳሩ ነው ብላ አሰበች። በአንድ ጎኑ ብቻ ይቀመጣል፣ ከዚያ መቀመጥ ተወ፣ ከዚያ መተኛትም አቃተው። እንዲያሳየን ለመንነው፤ እምቢ አለ። በአራተኛው ሌሊት መቀባጠር ሲጀምር ከቃሊቲ በላዳ ይዘነው ወጣን።

ድንገተኛ ክፍል ያገኘችን ወጣት የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበረች። አባዬ ሴት መሆኗን ሲያይ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለ። እሷም ጎንበስ ብላ «አባባ፣ እኔ ልጅዎ ነኝ፤ ላይልዎት» አለችው። መልስ አልሰጠም፤ ግን አልከለከላትም። የብልቱ ከረጢትና መቀመጫው መካከል ያለው ቆዳ አብጦ፣ ቀልቶ፣ አንድ ቦታ ላይ እንደ ጥላሸት ጠቁሯል። በሁለት ጣቷ ስትጫነው ተንኮሻኮሸ። ሥጋው ውስጥ ጋዝ ገብቶ ነበር። ሽታውን አሁንም አውቀዋለሁ።

ከዚያ ከኪሷ እስክሪብቶ አወጣች። የቅላቱን ዳርቻ ተከትላ ከጭኑ እስከ እምብርቱ ሥር ድረስ መስመር አሰመረችና ከጎኑ ሰዓቱን ጻፈች፤ ከሌሊቱ 7፡20። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ደም ሊመረመር ተወስዶ፣ ግሉኮስ ተተክሎ፣ ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ ተጀምሮ፣ እኔ ከካሸሩ ስመለስ ስምንት ሰዓት አልፏል። ቅላቱ መስመሩን ሁለት ጣት ያህል አልፎ ሄዷል። ሐኪሟ አየችውና «እስኪነጋ አንጠብቅም» አለች። አንድ በሽታ በዓይን እየታየ ሲራመድ ያየሁት ያን ሌሊት ብቻ ነው።

ስሙ ፉርኒዬ ጋንግሪን ይባላል። ዣን አልፍሬድ ፉርኒዬ የተባለ ፓሪሳዊ ሐኪም በ1883 እ.ኤ.አ. ምክንያቱ ያልታወቀ መስሎት አምስት ወጣቶች ላይ ያየውን ገለጸ፤ ስሙም በዚያው ጸና። ዛሬ ምክንያቱ ሲፈለግ አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል፤ ከሽንት መስመር፣ ከቆዳ ወይም ከፊንጢጣ አካባቢ የተነሣ ኢንፌክሽን ነው። ብዙ ዓይነት ባክቴሪያዎች ተባብረው ከቆዳው ሥር ያለውን ስስ ሽፋን ይዘው ይሮጣሉ፤ ትንንሾቹ የደም ሥሮች ይደፈናሉ፤ ሥጋው ደም አጥቶ ይሞታል። ደም የማይደርስበት ቦታ መድኃኒትም አይደርስም። ስለዚህ አንቲባዮቲክ ብቻውን አያድንም፤ የሞተው ሥጋ ተቆርጦ መውጣት አለበት፣ ያውም በሰዓታት ውስጥ። ብዙ ጥናቶች ከ100 ታማሚዎች ከ20 እስከ 40 የሚሆኑት እንደሚሞቱ ይናገራሉ። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ የበለጠ ተጋላጭ ነው።

እኔና አንድ ጎረቤታችን ደም ሰጠን። ሲነጋ ሐኪሟ ከቀዶ ጥገና ክፍል ወጥታ የሁለት እጆቿን መዳፍ ጎን ለጎን ዘረጋች፤ ያወጡት ያን ያህል ነው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ማደንዘዣ ውስጥ እያለ በጣቴ መረመርኩት። አንድ ደረቅ ነገር ነክቻለሁ። ናሙና ልከናል» አለችኝ። ሁለት ዓመት ማንም ያላደረገውን ምርመራ አባዬ ሳያውቅ አለፈው።

ዕጢው አንጀቱን በስቶ ነበር። መግሉም፣ ጋንግሪኑም ከዚያ የመጣ ነው። በዘጠኝ ቀን ውስጥ አራት ጊዜ ወደ ቀዶ ጥገና ገባ፤ በየሁለት ቀኑ ከፍተው ያያሉ፣ አዲስ የሞተ ካለ ያወጣሉ። ሰገራ ቁስሉን እንዳይነካው አንጀቱን በግራ ሆዱ በኩል አውጥተው ከረጢት ለጠፉበት። ኮሎስቶሚ ነው። አባዬ ነቅቶ ከረጢቱን ሲያይ በእጁ ዳሰሰውና ምንም ሳይጠይቅ ብርድ ልብሱን ሳበበት።

ከሆስፒታል ስንወጣ ቁስሉ ገና ክፍት ነበር። ነርሷ ሦስት ቀን እያየችኝ አሠለጠነችኝ። «ወንድ ልጅ ይሻላል፤ እናትህን ያፍራል» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ ግን እኔንም አፍሮ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን እጄ ሲንቀጠቀጥ ጎዙ ተጣበቀና ደማ። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት «ጣርማ በር ላይ ጭጋግ አለ፤ ቀስ በል» አለኝ። የመንገዱ ቁጥር የተጀመረው ያን ቀን ነው። ከኮረብታው ጫፍ ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ፣ ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ጋ ሲደርስ ፍጥነት እንደሚቀንሱ ሁሉ እኔም እጄን ቀነስኩ።

በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከነሐሴ እስከ ኅዳር። ቁስል ከሥሩ ወደ ላይ ሲሞላ ማየት እንዴት ያለ ነገር ነው! መጀመሪያ ግራጫ፣ ከዚያ ሐመር፣ ከዚያ እንደ በሶብላ ፍሬ ጥቃቅን ሆነው የሚወጡ ቀይ እህሎች። ሥጋ ነው፤ አዲስ ሥጋ። አንድ ጠዋት ሙሉ ጎዙ አልገባ አለኝ፤ ቦታ ጠበበ። ወጥቼ በረንዳ ላይ አለቀስኩ። ከረጢቱን ቨርጂኒያ ያለችው አክስቴ በመንገደኛ ትልክልን ነበር፤ ሲያልቅብን እማዬ ስስ ላስቲክ ቆርጣ በቀበቶ የምታስርበት ዘዴ ፈጠረች።

የናሙናው ውጤት ካንሰር ነበር። የቀጠለውን በአጭሩ ልለፈው፤ ሆስፒታል የተመላለሰ ሰው ያውቀዋል። በዚያን ጊዜ በአገራችን የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ወደ መቶ ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ። ቁስሉ እንደተዘጋ 25 ቀን ጨረር ወሰደ፣ ካፔሲታቢን ከተባለ የካንሰር ኪኒን ጋር። መጋቢት 2009 ዓ.ም. ደንዳኔውና ፊንጢጣው ሙሉ በሙሉ ወጣ፤ ከረጢቱ የዕድሜ ልክ ሆነ። ከዚያ ኬሞቴራፒ። ኦክሳሊፕላቲን የተባለው መድኃኒት ብርድን እንደ መርፌ ያደርገዋል፤ አባዬ በጓንት ውሃ ይጨልጥ ነበር።

2010 ዓ.ም. ጥሩ ዓመት ነበር። ሰውነቱ ተመለሰ። በየሦስት ወሩ የካንሰሩን መመለስ የሚጠቁመውን፣ ሲኢኤ የተባለውን የደም ምርመራ እናደርጋለን፤ ከ5 በታች ከሆነ እናመሰግናለን። 3፣ 3፣ 4። ወረቀቱን አባዬ እንደ መንጃ ፈቃድ በላስቲክ ከቶ ይይዘው ነበር። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ መሪዎች ቡሬ ላይ ድንበሩን ሲከፍቱ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሞ አየ። «አሰብን ሳላይ አልሞትም» አለ።

ታኅሣሥ ላይ ቀኝ መቀመጫው ውስጥ ሕመም ጀመረው፤ በጭኑ ወደ ታች ይወርዳል። ሁላችንም ነርቭ ነው አልን፤ ሹፌር ነዋ። ይኼው ደግሞ ሌላ ምቹ ቃል። ሲኢኤው 11 ሆኖ መጣ። ኤምአርአይው ከጅራት አጥንቱ ፊት ለፊት፣ ፊንጢጣው ወጥቶ ባዶ በቀረው ቦታ ላይ፣ አጥንቱን የያዘ ዕጢ አሳየ።

ለምን ተመለሰ ብዬ ሌሊት ሌሊት አነብ ነበር። ቢል ሂልድ የተባለ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደንዳኔውን የከበበው ስብ ሽፋኑ ሳይቀደድ እንዳለ ቢወጣ ካንሰሩ እዚያው ቦታ የመመለሱ ነገር እጅግ እንደሚቀንስ አሳየ። ቀዶ ሐኪሙ በዚያ ሽፋን ዳር ዳር፣ ደም በሌለበት መንገድ ይሄዳል። አባዬ ዘንድ ግን ያ መንገድ አልነበረም። ዕጢው ሽፋኑን በስቶ ወጥቷል፤ ኢንፌክሽኑ ሁሉን አጣብቆ ጠባሳ አድርጎታል። የበሳ ዕጢ ሴሎቹን ይበትናል። ስለዚህ መልሱ ወደ ሐምሌ 2008 ይወስደኝ ነበር፣ ከዚያም ወደ 2006፣ ወደዚያ የመጀመሪያ ደም። ማንንም ለመክሰስ አልነበረም የማነበው። በየትኛው ቀን ላይ ብንሆን ኖሮ መንገዱ ክፍት ነበር የሚለውን ማወቅ ፈልጌ ነበር።

ዕጢው አጥንትና ነርቭ ስለያዘ ዳግመኛ ቀዶ ጥገና አይሆንም ተባለ። አጎቴና አክስቶቼ ተሰብስበው «አይነገረው» አሉ። «ነርቭ ነው በሉት፤ ተስፋ ይቆርጣል።» ክፋት አልነበረባቸውም። እኛ መርዶን በማለዳ፣ በሽማግሌ፣ ቤተ ዘመድ አዘጋጅተን የምንናገር ሰዎች ነን፤ የሌላውን ሞት የምንነግርበት ሥርዓት አለን። ለአንድ ሰው የራሱን ነገር የምንነግርበት ሥርዓት ግን የለንም። ሁለት ሳምንት ዋሸሁት። እያጠብኩት ዋሸሁት፤ የድሮው ጠባሳ ከሥሩ ተከፍቶ ማዠት ጀምሮ ነበርና ጓንቱም ጎዙም ተመልሰዋል።

አንድ ምሽት ሰንዳፋን ሳይል ዝም አለ። ጠበቅሁት። «ልጄ፣ ፍሬን ማለቁን ከረዳቱ በፊት ሹፌሩ ነው የሚያውቀው» አለኝ፣ ለግድግዳው። እጄን አቁሜ ነገርኩት። ካንሰሩ እንደተመለሰ፣ የት እንዳለ፣ ምን እንደማይቻል። «ፊንጢጣ» የሚለውን ቃል የአባቴን ገላ በእጄ ይዤ በመጀመሪያ ጊዜ አወጣሁት። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ስንት ወር?» አለ፤ ሐኪሞቹ ያሉትን ነገርኩት። «በል ጨርስ፤ ሸኖ ደርሰናል።»

የትንሣኤ ሰሞን አምስት የድሮ ሹፌሮች ሊጠይቁት መጡ። ብርቱካን ይዘዋል። እማዬ ረከቦቱን ዘርግታ ቡና ታፈላለች። «እግዜር ይማርህ» ተባብለው ሲያበቁ አንደኛው፣ አሰብ ድረስ በኮንቮይ አብረው የነዱት ሰውዬ፣ «ያ ኪንታሮት ነው ደግሞ የተነሣብህ?» አለው።

«ኪንታሮት አይደለም» አለ አባዬ። «የፊንጢጣ ካንሰር ነው።»

እማዬ ጀበናውን እንደያዘች ቀረች። አባዬ ሸሚዙን ገልጦ ከረጢቱን አሳያቸው። ሁለት ዓመት ደም እያየ ዝም ማለቱን፣ ሰገራው መቅጠኑን፣ ቆዳው የጠቆረበትን ሌሊት፣ ያቺን እስክሪብቶ፣ ሁሉን ነገራቸው። የመንገድ አደጋ እንደሚተርክ ነው የተረከው፤ የት ላይ ማቆም እንደነበረበት እያሳየ። «ሐኪሙ በጣቱ ላይህ ካለህ እሺ በል። ካላለህ አንተ ጠይቀው» አለ። ከዚያ አንድ በአንድ እያያቸው «ከእናንተ ውስጥ ደም የሚያይ አለ?» አለ። ማንም አልመለሰም። ያ በኮንቮይ አብሮት የነዳው ሰውዬ ብቻ ሲኒው ውስጥ እያየ ቆየ።

የሞርፊን ሽሮፑ ሕመሙን ይዞለት ነበር፤ ሰኔንና ሐምሌን በሰላም አሳለፈ። ነሐሴ ላይ ባጠብኩት በመጨረሻው ጠዋት ቁስሉን አሽጌ ጨርሼ ባቲ አልን። እኔ ጓንቴን ሳወልቅ እሱ ቀጠለ። ሚሌ፣ ሎግያ፣ ሰርዶ። ጅቡቲ የሚነዳ ሹፌር እዚያ አካባቢ ወደ ጋላፊ ይዞራል። አባዬ አልዞረም። «ማንዳ» አለ፣ «ቡሬ» አለ፣ ከዚያ ትንፋሹን ሰብስቦ ቆየና «አሁን ይሸታል፤ ባሕሩ ይሸታል» አለ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ማለዳ ላይ ዐረፈ።

አርባው ከወጣ በኋላ ስልኬ ጮኸ። ያ የኮንቮዩ ሰውዬ ነበሩ። ስለ ለቅሶው፣ ስለ እማዬ፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ ብዙ ጠየቁኝ። ከዚያ «ካርድ የሚወጣው በየትኛው መስኮት ነው?» አሉኝ። የየትኛውን ክፍል ካርድ ብዬ አልጠየቅኋቸውም። «ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በሩ ጋ እጠብቅዎታለሁ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

አግዳሚው ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ካርዱን በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ከተል አድርገው፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ «በጣት ነው አይደል?» አሉኝ።

«አዎ። ደቂቃ አይፈጅም።»

ስማቸው ሲጠራ ተነሡ፤ ኮታቸውን አስተካከሉ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው አስያዙኝና ገቡ።